ለሐኪም የሚሰጥ የሕመም ወረቀት፦ ከቀጠሮ በፊት ቤት ውስጥ ምን ይጻፋል?

በባሕር ዳር ለክትትል የሚመጣ ታካሚ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሂድ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይም በሰፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ አስወጥቶ፣ ግፊቱን ተለክቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ከሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ላብራቶሪው በአብዛኛው የሚያሳየው የዛሬውን ነው። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደተነሱ፣ የትኛው ኪኒን አልቆብዎት ስንት ቀን ሳይወስዱ እንደቆዩ፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጠረዎት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ የትኛውም መሣሪያ አያነብም። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ ግን «እንዴት ሰነበቱ?» ሲል እንደ ወጉ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ ካርዱ ላይም «ደህና ነው» ተብሎ ይጻፋል። ዋናው ጉዳይ የሚታወሰው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ነው።

በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ 18 ሴኮንድ ሲሆን አቋርጠው ጥያቄ እንደሚጀምሩ ለክቶ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ደግሞ ሐኪሞቹ ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ አድርጎ ታካሚዎች በራሳቸው ተናግረው እስኪጨርሱ የፈጀባቸውን ጊዜ ለካ፤ አማካዩ 92 ሴኮንድ ብቻ ሆነ። ስለዚህ መዘጋጀት ያለብዎት ለአንድ ደቂቃ ተኩል ንግግር ነው። ከዚያም ውስጥ ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መውጣት አለበት። ሰላምታውን ይመልሱና ወዲያው «ዶክተር፣ የመጣሁት ለሁለት ነገር ነው» ብለው ይጀምሩ። ቁጥሩን አስቀድሞ መናገር ሐኪሙ የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ መድኃኒት ወደ መጻፍ እንዳይሻገር ያደርጋል።

ወረቀቱ

ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ይበቃል። ስልክ ላይ ከሚጻፍ ማስታወሻ ወረቀት ይሻላል፤ ለሐኪሙ ይሰጣል፣ ካርዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ባትሪ አይጨርስም። ከአንድ ገጽ ካለፈ ግን የሚያነበው የለም። ለምሳሌ የግፊትና የስኳር ክትትል ያላት ሴት ለኅዳር 12 ቀጠሮዋ የምትይዘው ወረቀት ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ሴት፣ 52 ዓመት። ግፊትና ስኳር፣ 6 ዓመት።
የመጣሁበት፦ 1) ደረቅ ሳል፣ ከመስከረም 20 ጀምሮ፣ ሌሊት ይብሳል፣ አክታም ትኩሳትም የለውም። 2) ሁለቱም ቁርጭምጭሚቴ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል።
የምወስደው፦ ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ (ከመስከረም 8 ጀምሮ የተጨመረ)፤ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ማታ፤ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ከምግብ ጋር።
ያቋረጥኩት፦ ከጥቅምት 5 እስከ 12 ጠበል ስለነበርኩ ምንም አልወሰድኩም።
በራሴ የወሰድኩት፦ ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም፣ በሳምንት 3 ቀን ያህል።
የምጠይቀው፦ ሳሉ ከኪኒኑ ይሆን?»

ሐኪሙ ከዚህ ወረቀት ምን ያገኛል? የግፊት ኪኒኑ ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ መድኃኒቱ ከተጨመረበትና ሳሉ ከጀመረበት ቀን መካከል ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ሌላው የግፊት ኪኒን አምሎዲፒን በተለይ በ10 ሚሊግራም ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ስኳር ባለበት ሰው ከኢናላፕሪል ጋር ሲደረብ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሦስቱንም ነገር የሚያገናኘው ቀኑና መጠኑ ነው። «ሳል አለኝ፣ እግሬም ያብጣል» ብቻ ቢባል ሳሉ በአንቲባዮቲክ፣ እብጠቱ በሽንት ማስወጫ ኪኒን ሊታከም ይችል ነበር፤ መድኃኒት ያመጣውን ለማከም ሌላ ሁለት መድኃኒት ይጨመራል ማለት ነው። ሳሉ ከ2 ሳምንት ስላለፈ ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ቢያዝ አይከፉ፤ በአገራችን የተለመደው አሠራር ነው፣ ወረቀቱም ያንን አያስቀርም። ኢናላፕሪሉን ግን በራስዎ አያቁሙ። ሌላ ዓይነት ስላለ ይቀይሩልዎታል።

የኪኒኖቹን ስም ከመጻፍ የሚቀለው ሁሉንም በፌስታል ይዞ መምጣት ነው፤ ያቆሙትን፣ ጎረቤት የሰጠዎትን፣ የባህሉንም ጭምር። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ከመድኃኒት ቤት ተቆርጦ የሚሰጥ የኪኒን ስትሪፕ ብዙ ጊዜ ስሙ ወይም ሚሊግራሙ በሌላው ግማሽ ላይ ይቀራል። ሲገዙ እዚያው ስሙንና መጠኑን በእስክሪብቶ አስጽፈው ይውሰዱ። «ነጯ ክብ ኪኒን» ሲባል ሐኪሙ የሚይዘው ነገር የለም።

የሚሰማዎትን ይጻፉ፣ የበሽታ ስም አይጻፉ

«ጨጓራዬ ተነሳብኝ»፣ «ኩላሊቴን አመመኝ»፣ «ምች መታኝ»፣ «ታይፎይዴ ነው»። እነዚህ ስሜት አይደሉም፣ ፍርድ ናቸው፤ ታካሚው ፈርዶ ሲመጣ ሐኪሙም ሳያስበው ፍርዱን ይከተላል። ከእምብርት በላይ የሚሰማ ማቃጠል ጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ የሐሞት ጠጠር ወይም የልብ ሕመምም እዚያው ቦታ ሊሰማ ይችላል። «ኩላሊቴ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የወገብ ጡንቻ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስሙን ይተዉና ቦታውን በአንድ ጣት ያሳዩ። በአንድ ጣት የሚታይ ሕመምና በሙሉ መዳፍ የሚታሸት ሕመም ለሐኪሙ የተለያየ ነገር ይነግሩታል።

ቀጥሎ ዓይነቱ፦ ይወጋል፣ ይቆርጣል፣ ያቃጥላል፣ ይጫናል፣ ይቆረጥማል? አማርኛ ለሕመም የሚሆን ቃል አላነሰውምና ይጠቀሙበት። ከዚያ መቼ እንደጀመረ፣ ሲመጣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ወዴት እንደሚዛመት፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው። ከምግብ በኋላ የሚብስ፣ ዳገት ሲወጡ መጥቶ ሲቆሙ የሚተው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፤ ሦስቱ ወደ ሦስት የተለያየ ምርመራ ይወስዳሉ። ደረት ላይ የሚጫንና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን የሚጻፍ አይደለም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬድበት ነው።

ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት ሲባሉ ብዙ ሰው «10» ይላል፤ ከዚያ በኋላ መባሱን የሚለካበት ቦታ አይቀርም። ቁጥሩን ከሥራ ጋር ያያይዙት። «ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አነሳ ነበር፣ አሁን በግማሹ ነው የምቀዳው»፣ «ከዓባይ ማዶ በብስክሌት ስመለስ ሳልወርድ እደርስ ነበር፣ ካለፈው ወር ወዲህ ድልድዩ ላይ ወርጄ እገፋለሁ»። ልብ ድካምም ይሁን ደም ማነስ፣ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ከቁጥሩ ይሻላል። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያንኑ ጀሪካንና ያንኑ ድልድይ ይጥቀሱ።

ያልተወሰደ ኪኒን

ከሁሉ የሚደበቀው ይህ ነው፣ ከሁሉ የሚጎዳውም ይህ ነው። የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው፦ ታካሚው ጠበል ገብቶ፣ ወይም ገንዘብ አጥሮት፣ ወይም ተሽሎኛል ብሎ ኪኒኑን ያቆማል። ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪሙ እንዳይቆጣው «እየወሰድኩ ነው» ይላል። ግፊቱ 180/100 ይወጣል። ሐኪሙ ካርዱን ያያል፣ መድኃኒቱ አለ፣ ታካሚው ይወስዳል፣ ግፊቱ አልወረደም፤ እንግዲህ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ መጠኑን ይጨምራል ወይም ሌላ ይደርባል። ታካሚው ቤቱ ተመልሶ ፈርቶ ሁሉንም በአንድ ላይ መውሰድ ይጀምራል፤ ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል፣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ ይወድቃል። «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ መልሶ ያቆመዋል። ካርዱ ላይ ያለው ታሪክና የሰውየው ታሪክ ከዚህ በኋላ አይገናኙም።

ስለዚህ «በወሩ ውስጥ ስንት ቀን አልወሰድኩም?» የሚለውን በቁጥር ይጻፉ። ምክንያቱንም ያክሉ፤ መፍትሔው የሚለየው በምክንያቱ ነውና። ገንዘብ ከሆነ በጤና መድን የሚገኝ ወይም ርካሽ የሆነ ሊታዘዝ ይችላል። እያስሸናኝ ነው ከሆነ የሚወሰድበት ሰዓት ይቀየራል። ጠበል ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ አብዛኛው ሐኪም «ጠበሉንም ይጠጡ፣ ኪኒኑንም ይውሰዱ» ይላል፣ ጾመው ከሆነም ሰዓቱን ያመቻችልዎታል። ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ ወይም ስሙ የማይታወቅ ቅጠል ከጠጡም ከቀኑ ጋር ይጻፉ።

አንድ ነገር ለመናገር ካፈሩ፣ የሰገራ ደም፣ የብልት ፈሳሽ፣ የግንኙነት ችግር፣ በወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይጻፉትና «ዶክተር፣ ይቺን ያንብቡልኝ» ብለው ይስጡ። ከዚያ የሚጠይቀው እሱ ነው።

የግፊትና የስኳር ልኬት

የግፊት መሣሪያው በክንድ ላይ የሚጠቀለል ይሁን፤ የእጅ አንጓው ዓይነት በቀላሉ ይሳሳታል። የክንድዎን ውፍረት በልብስ ሰፊ ሜትር መሃሉ ላይ ይለኩ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መደበኛ መጠቅለያ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ ሲታሰር ግፊቱን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያልታመመም ሰው በዚህ ምክንያት መድኃኒት ሊጀምር ይችላል።

ጠዋት ሽንትዎን ሸንተው፣ ኪኒኑን ሳይወስዱና ቡና ሳይጠጡ ይለኩ። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አቦል ቶና በረካ እየተባለ መሃል ላይ የሚለካ ግፊት አይታመንም። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብ ልክ ይረፍ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። አይናገሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ ማታም እንዲሁ። ከቀጠሮው በፊት ባሉት 7 ቀናት ይህን ያድርጉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪዎቹን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ መስፈሪያው 140/90 ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ብዙ ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ ስለሚጨምር ነው። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ ካለ ወረቀቱን ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በመሣሪያው ማስታወሻ ላይ አይተማመኑ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም ጠዋት 2 ሰዓትን 8:00 ብሎ ያስቀምጣል፤ ባትሪ ሲቀየር ደግሞ ሁሉም ይዛባል። ሐኪሙ «ይህ 8:00 የቱ ነው?» እያለ ደቂቃውን ያባክናል። በእጅዎ «ኅዳር 6፣ ጠዋት 12፡30፣ 148/92፣ 144/90» ብለው ይጻፉ። የማይመስል ቁጥር ቢወጣም አይሰርዙት፤ አጠገቡ «ተጣልቼ ነበር» ወይም «እንቅልፍ አልተኛሁም» ይበሉበት። ደግሞ ሰባቱን ቀን በአንድ ጊዜ ወረፋ ላይ ቁጭ ብለው አይሙሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የወረቀት ማስታወሻ የተሰጣቸው ሕመምተኞች 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተናል ቢሉም ደብተሩ ውስጥ የተደበቀው ብርሃን መለኪያ በትክክል የተሞላው 11 በመቶው ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ያልለኩበትን ቀን ባዶ ይተዉት። ባዶ ቦታ ከፈጠራ ቁጥር ይሻላል።

ለስኳር፣ ጣትዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ማንጎ ወይም ብርቱካን የነካ ጣት የስኳሩን ቁጥር ያለ አግባብ ያንረዋል። ከቁጥሩ አጠገብ ከምግብ በፊት ወይም ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ካልተጻፈ ልኬቱ አይተረጎምም። ከ70 በታች የወረደበትን እያንዳንዱን ጊዜ፣ ያላበዎትን፣ የተንቀጠቀጡበትን፣ በምን እንደተመለሰ ይመዝግቡ፤ ለዚያ ጊዜ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው 55 ቀን የሚጾመውን ሁዳዴንም ሆነ ረመዳንን ለመጾም ካሰበ ሐሳቡን ከመግባቱ በፊት ባለው ቀጠሮ ይናገር። ከገባ በኋላ መናገር አርፍዷል።

የት ነበሩ?

በጣና ዙሪያ ይህ ጥያቄ ክብደት አለው። ዓሣ አጥማጅ፣ ደንገል ቆራጭ፣ እምቦጭ ነቃይ፣ የፎገራ ሩዝ ገበሬ፣ ሐይቁ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ፤ ሁሉም ውሃ ውስጥ ሲገቡ በቆዳ በኩል ለሚገባው ትል፣ ለቢልሃርዝያ፣ የተጋለጡ ናቸው። የሆድ ቁርጠትና ደም ያለበት ተቅማጥ ሲኖር ውሃ የገቡበትን ወር ይናገሩ። ትሉ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ሳምንታት ስለሚወስድበት ቶሎ የተደረገ የሰገራ ምርመራ «ነጻ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሐኪሙ ቀኑን ካወቀ ምርመራውን መቼ እንደሚደግም ያውቃል።

ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ የት እንደከረመ ሳይጠየቅ ይናገር፤ ወባ ብቻ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም ይታሰባል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ሲነሳ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ክብደት መቀነስን፣ በግራ ጎን ከጎድን በታች የሚሰማ እብጠትን፣ ለወባ ስንት ጊዜ እንደታከሙ ይጻፉ።

አብሮ የሚገባው ሰው

እናቱን ያመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ እሷን ወክሎ ይናገራል። እማማ እግራቸው አሟቸው መጥተው ልጃቸው ስለ እንቅልፋቸው ያወራል። ጥሩው ቅደም ተከተል ታማሚዋ በራሷ አፍ ትጀምር፣ አስታማሚው ያየውን ብቻ ይጨምር፦ «ሌሊት ታቃስታለች»፣ «ከማክሰኞ ወዲህ እንጀራ አልነካችም»። የሚጥል በሽታ ከሆነ ግን ታማሚው የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ያየው ሰው ይናገር። ስልክ ካለ በቪዲዮ ይቀረጽ፣ ፊቱና ሁለቱም እጆቹ በአንድ ላይ እንዲታዩ፤ የቆየበት ደቂቃም ይያዝ። የቆዳ ሽፍታን ቅባት ሳይነካው በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጦ ማንሳት ጥሩ ነው።

የድብርት መጠይቅ ከተሰጠ አስታማሚው ወጥቶ ይጠብቅ። ባለ 9 ጥያቄው መጠይቅ የሚጠይቀው ባለፉት 2 ሳምንታት ስንት ቀን እንደተሰማዎት ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መሞት ሐሳብ ነው፤ ልጅ ወይም ባል አጠገብ ቆሞ እያለ በእውነት የሚመልሰው ጥቂት ሰው ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ጎረቤት ሳይሆን ሲስተሯ ታንብብለት።

ለሐኪሞች አንድ ቃል፦ ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነቡ ካርድ ውስጥ መክተት ታካሚው ሁለተኛ እንዳይጽፍ ያደርገዋል። 20 ሴኮንድ አንብበው ከውስጡ አንዱን ነገር ድምፅ አውጥተው ይጠይቁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ የኒው ዮርክ ጥናት 766 የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸው ሕመምተኞች ተሳትፈው ነበር። ምልክታቸውን በታብሌት እየመዘገቡ የላኩት በመካከለኛ ስሌት 31.2 ወር ሲኖሩ የተለመደውን ክትትል ያገኙት 26 ወር ኖረዋል። እዚያ ምልክቱ ሲብስ ነርሷ መልእክት ይደርሳት ነበር፣ እሷም ትደውላለች፣ መድኃኒት ታስተካክላለች። የሚሞላ ቅጽ ብቻ ቢሆንና ማንም ባያየው ይህ ውጤት አይጠበቅም ነበር።

ከመውጣትዎ በፊት

ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው ሦስት ነገር ይጻፉ ወይም ያስጽፉ፦ ምን ተቀየረ፣ ምን ሲሰማዎት ከቀጠሮው በፊት እንደሚመለሱ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ። ከዚያ «ዶክተር፣ የገባኝን ልድገምልዎት» ብለው መልሰው ይናገሩ፤ ስህተቱ የሚታየው ያኔ ነው። የመድኃኒት ሳጥን ላይ «1×2» ተብሎ ከተጻፈ «ጠዋት 1 ሰዓት 1፣ ማታ 1 ሰዓት 1» ብለው በአማርኛ ያስጨምሩበት። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ የሚመለሱ ከሆነ ወረቀቱንም ኪኒኑንም በሚታሰር ላስቲክ ይያዙ፤ የራሰ ኪኒን ይበላሻል፣ የእስክሪብቶ ቀለምም ይለቃል።